ዲጂታል ሬዲዮ ሲጀመር ተፎካካሪ ጣቢያዎች የት ይተባበሩ፣ የት ይለያዩ?

ጥያቄው፦ «በአንድ አካባቢ የምንሠራ ሦስት የግል ጣቢያዎችና አንድ የሕዝብ ማሰራጫ በዲኤቢ ፕላስ ዲጂታል ሬዲዮ አዳዲስ ቻናሎች ልንከፍት ነው። ከግሎቹ አንዱ በአድማጭ ብዛት ሁላችንንም ይበልጣል፤ እሱም ኔትወርኩን ለብቻው መዘርጋት ይፈልጋል። የቀረነው በጋራ ይሁን እንላለን፤ ግን በገንዘባችን ተፎካካሪያችንን ማሳደግ እንዳይሆንብን እንሰጋለን። የቱ ያዋጣል? በጋራ ከሆነስ ምን ምን ላይ ነው መስማማት ያለብን?»

ምላሽ፦

የመጀመሪያው ኔትወርክ የጋራ ይሁን። ፉክክሩ በፕሮግራም፣ በአቅራቢና በማስታወቂያ ሽያጭ ይቀጥል። ስጋታችሁ ግን ተገቢ ነው። ስምምነቱ ውስጥ የተወሰኑ ነገሮች አስቀድመው ካልተጻፉ የጋራው ኔትወርክ ራሱ የጠብ ምክንያት ይሆናል። ስለዚህ ከምክንያቱ ይልቅ በዝርዝሩ ላይ ረዘም ብዬ እቆያለሁ።

በኤፍኤም የለመዳችሁት አሠራር አንድ ፈቃድ፣ አንድ ፍሪኩዌንሲ፣ አንድ ትራንስሚተር ነው። በዲኤቢ አንድ ትራንስሚተር 1.536 ሜጋኸርትዝ ስፋት ባለው ሞገድ ላይ ብዙ ፕሮግራም ጭኖ ይለቃል፤ ይህ ጥቅል ማልቲፕሌክስ ይባላል። አቅሙ በ864 አሃዶች የተከፈለ ነው። በተለመደው 3-ኤ የስህተት መከላከያ ደረጃ (በመንገድ የተበላሸ ቢት እንዲታረም የሚጨመር ትርፍ መረጃ) ለእያንዳንዱ 8 ኪሎቢት በሰከንድ 6 አሃድ ይሄዳል፤ በጠቅላላው 1,152 ኪሎቢት በሰከንድ ይይዛል ማለት ነው። በ64 ኪሎቢት የሚሄድ ፕሮግራም 48 አሃድ ስለሚወስድ 18 ፕሮግራም ሲጫን ማልቲፕሌክሱ ይሞላል።

በእናንተ ሁኔታ እናስላው። አራታችሁም ዋናውን ፕሮግራም በ80 ኪሎቢት ብታስገቡ በ60 አሃድ ሒሳብ 240 ይሆናል። እያንዳንዳችሁ ሁለት አዲስ ቻናል በ64 ኪሎቢት ብትጨምሩ ስምንቱ 384 አሃድ ይወስዳሉ። ድምሩ 624 ነው፤ 240 አሃድ ማለትም የአምስት ባለ64 ኪሎቢት ቻናል ቦታ ይተርፋል። ትልቁ ጣቢያ ለብቻው ቢወጣ ግን ከ864ቱ የሚጠቀመው 156ቱን ብቻ ነው። የመብራት፣ የማማ ኪራይ፣ የጥገናና የሲግናል ማመላለሻ ወጪው አሃዱ ቢሞላም ባይሞላም ያው ነው። በጋራው ውስጥ ወጪው በተያዘ አሃድ ቢከፋፈል የእሱ ድርሻ ከ624ቱ 156፣ ማለትም ሩቡ ነው። ለብቻው ሲወጣ ለዚያው ሦስት ቻናል አራት እጥፍ ይከፍላል። ለእሱ ከመተባበር መልካምነት ይልቅ ይህን ቁጥር ብታሳዩት ይሻላል።

ሁለተኛው ምክንያት ከሞገዱ ባሕርይ የሚመጣ ነው፤ ብዙ ጊዜም የሚታወቀው ዘግይቶ፣ ማማው ከቆመ በኋላ ነው። ትልቁ ጣቢያ የራሱን ማልቲፕሌክስ ከእናንተ ጎን ባለው የፍሪኩዌንሲ ብሎክ ላይ፣ ግን ከሌላ ቦታ ቢለቅ፣ በማማው ዙሪያ ያለ መቀበያ የእሱን ኃይለኛ ሲግናል እየሰማ የእናንተን ከሩቅ የሚመጣ ደካማ ሲግናል መለየት ያቅተዋል። በካርታችሁ ላይ ሽፋን አለ የተባለ ሰፈር በተግባር ድምፅ አልባ ቀዳዳ ይሆናል። እሱም በእናንተ ማማ ዙሪያ ያንኑ ያገኛል። መፍትሔው ከአንድ ማማ፣ በተቻለ መጠንም ከአንድ አንቴና መልቀቅ ነው፤ ያን ጊዜ የሁለቱ ሲግናል ጥንካሬ በየቦታው ተቀራራቢ ስለሚሆን መቀበያው አይደናገርም። እንግዲህ ተለያይታችሁ ብትሠሩ እንኳ በማማ መተባበራችሁ አይቀርም።

ሦስተኛ፣ ዲኤቢ የአንድ ኔትወርክን ትራንስሚተሮች ሁሉ በአንድ ፍሪኩዌንሲ ያሠራል። ከተለያዩ ማማዎች የሚመጡት ሲግናሎች በ246 ማይክሮሰከንድ ውስጥ ከደረሱ ይረዳዳሉ፤ ይህም በርቀት ወደ 74 ኪሎሜትር ልዩነት ነው። ከዚያ ካለፈ እርስ በርስ ይረባበሻሉ። ለመረዳዳት ደግሞ እያንዳንዱ ትራንስሚተር በጂፒኤስ ሰዓት ተቆጥሮ ያንኑ ቢት በዚያው ቅጽበት መልቀቅ አለበት። ከዚህ ሁለት ነገር ይከተላል። አንደኛ፣ አንድ አባል በአንዱ ከተማ ብቻ የተለየ ማስታወቂያ ላስገባ ቢል አይችልም፤ የአንድ ትራንስሚተር ይዘት ከተለየ አጎራባቹን ያበላሻል። ሁለተኛ፣ አንድ አባል ደካማ ሽፋን ላለበት ሰፈር ተጨማሪ ትራንስሚተር ካቆመ ትራንስሚተሩ የተፎካካሪዎቹንም ቻናሎች ይዞ ይወጣል። ብዙዎቹ የአባላት ጠቦች የሚነሱት ከዚህ ነው፦ አንዱ ይከፍላል፣ አራቱ ይጠቀማሉ፤ ስለዚህ ማንም ቀድሞ አይከፍልም፣ ሽፋኑም ባለበት ይቀራል።

መፍትሔው የሽፋን ዕቅዱን ከመጀመሪያው ውል ጋር አያይዞ መፈረም ነው። ማማዎቹ በቅደም ተከተል፣ እያንዳንዱ የሚጨምረው የሕዝብ ብዛት፣ ሥራ የሚጀምርበት ጊዜና የወጪ ድርሻው ተዘርዝሮ ይጻፍ። ከዕቅዱ ውጭ ትራንስሚተር የሚፈልግ አባል አስቀድሞ ይክፈል፤ ሌሎቹ በሚቀጥለው የበጀት ዓመት በአሃዳቸው ልክ ይመልሱለት የሚል አንቀጽ ጨምሩ። ሽፋኑም ከቤት ውጭ በቆመ አንቴና ብቻ እንዳይለካ፤ ቤት ውስጥ በትንሽ መቀበያ የሚፈለገው ጥንካሬ ከመኪናው በብዙ ይበልጣል። ሰዎች ሬዲዮ ገዝተው ወጥ ቤት ውስጥ አልሰማ ሲላቸው ዕቃውን ይመልሳሉ፤ ጣቢያዎቹ ግን ጥፋቱ የማን እንደሆነ አያውቁም።

የሌሎች አገሮች ታሪክ ቅደም ተከተሉን ያሳያል (ዓመቶቹ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ጀርመን በ2011 በአዲስ መልክ ስትጀምር የሕዝቡ ዶይችላንድራዲዮና የግል ጣቢያዎች በአንድ አገር አቀፍ ማልቲፕሌክስ ገቡ፤ ሁለተኛውና የግሎቹ ብቻ የሆነው የተከፈተው በ2020 ነው። በብሪታንያ የግሉ ማልቲፕሌክስ ዲጂታል ዋን በ1999 ከጀመረ በኋላ ተቆጣጣሪው በ2007 ተወዳዳሪ አገር አቀፍ ማልቲፕሌክስ የቴሌቪዥን ጣቢያው ቻናል 4 ለሚመራው ኅብረት ሰጠ። በ2008 ቻናል 4 ወጣ፤ ማልቲፕሌክሱ ሳይከፈት ቀረ። በዚያው ዓመት የዲጂታል ዋን ዋና ባለቤት የነበረው ጂካፕ ድርሻውን ለመሸጥና የዲጂታል ቻናሎቹን ለመተው መወሰኑን አስታወቀ። ሁለተኛው የግል ማልቲፕሌክስ ሳውንድ ዲጂታል ሥራ የጀመረው በ2016 ነው፤ በዚያን ጊዜ ከአገሪቱ የሬዲዮ ማዳመጥ ከ40 በመቶ በላይ የሆነው ወደ ዲጂታል አልፎ ነበር። መቀበያው በሰው እጅ ሳይገባ ሁለት ኔትወርክ መክፈት ገበያውን አያሰፋውም። መቀበያው ከገባ በኋላ ግን ሁለተኛው ኔትወርክ ይጠቅማል፣ አንደኛውንም ከስንፍና ያወጣዋል። ስለዚህ ውላችሁ ሁለተኛ ኔትወርክን ለዘለዓለም የሚከለክል አይሁን።

ማማ መጋራት ብቻውን ግን አያድንም። ሆንግ ኮንግ በ2011 ለሦስት የግል ኩባንያዎች ፈቃድ ሰጥታ ነበር፤ የመንግሥቱ ማሰራጫም አብሮ ገባ። ኤፍኤሙ እንዳለ ቀጠለ፤ ዲጂታል መቀበያ በሰፊው አልተዳረሰም። የግሎቹ በ2015 እና በ2016 ፈቃዳቸውን መለሱ፤ በ2017 መንግሥት አገልግሎቱን ዘጋ። ከትብብራችሁ ከባዱ ክፍል መቀበያውን ሰው እጅ ማስገባት ነው።

በዚህ ላይ ትልቁ ጣቢያ ከማንም በላይ የሚያጣው አለ፤ የኤፍኤም አድማጩ ሀብቱ ነውና አድማጩን ምርጫ ወደበዛበት ሳጥን መግፋት አያስቸኩለውም። ብሪታንያ ይህን በ1996ቱ የብሮድካስት ሕግ መለሰችው፦ ወደ ዲኤቢ የገባ የግል ጣቢያ የኤፍኤም ፈቃዱ ያለ ጨረታ ይራዘምለታል። ኖርዌይ ውስጥ የሕዝቡ ኤንአርኬና የግል ተፎካካሪዎቹ አድማጩን ለማሳወቅ የጋራ ኩባንያ አቁመው፣ በ2017 አገር አቀፍ ኤፍኤማቸውን በየአካባቢው በተራ ዘጉ። ትናንሽ የአካባቢ ጣቢያዎች በኤፍኤም ቀሩ። ስዊዘርላንድ ውስጥ ደግሞ የሕዝቡ ኤስአርጂ በ2024 መጨረሻ ኤፍኤሙን ሲዘጋ የግሎቹ እንዲቀጥሉ ተፈቅዶላቸው ነበር። ቀድሞ የዘጋው አድማጭ አጣ፤ በኤፍኤም የቀረ አድማጭ በዚያው ሞገድ ያገኘውን ጣቢያ ይዞ ይቀጥላልና። የኤፍኤም መዝጊያ ቀን ከእናንተ አንዱ ብቻውን የሚወስነው መሆን የለበትም። ተቆጣጣሪው ባለሥልጣን ለሁላችሁም አንድ ቀን እንዲቆርጥ ጠይቁ፤ ወይም ማንም እንደማይዘጋ ተስማሙ።

ለማስተዋወቅ ሁላችሁም እኩል የአየር ሰዓት መድቡ። ልኩ በደቂቃ ብቻ ከሆነ አንዱ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ያስቀምጠዋል፤ ስለዚህ «በማለዳና በአመሻሽ በሚደመጥ ሰዓት በቀን ይህን ያህል ጊዜ» ብላችሁ ጻፉ። መልእክቱ ስለ ዲጂታል ሬዲዮ ይሁን፤ የመጨረሻዎቹን አምስት ሰከንዶች እያንዳንዱ ጣቢያ ለራሱ አዲስ ቻናል ስም ይጠቀምባቸው። ከሬዲዮ ሻጮችና ከመኪና አስመጪዎች ጋር አንድ ሰው ሁላችሁን ወክሎ ይነጋገር። የአውሮፓ ኅብረት ከታኅሣሥ 2020 ወዲህ በአዲስ መኪና የሚገጠም ሬዲዮ ዲጂታል መቀበል እንዲችል አስገድዷል። በዚያ ደንብ የተሠሩ መኪኖች ወደ ገበያችሁ የሚገቡ ከሆነ የተዘጋጀ አድማጭ አላችሁ ማለት ነው፤ ብዙው ግን ሬዲዮው ዲጂታል እንደሚይዝ አያውቅም።

አሁን ወደ ውሉ። ማልቲፕሌክሱን የሚያንቀሳቅስ የተለየ ኩባንያ አቋቁሙ። የቴክኒክ ኃላፊው ከአባላቱ የአንዱ ተቀጣሪ አይሁን። ይህ ለቅንጦት አይደለም፦ አዲስ ቻናል ስርጭት ላይ ሲወጣ በመቀበያ ላይ የሚታይ እስከ 16 ፊደል የሚደርስ ስም ይመዘገባል፤ ስሙ በሙከራ ስርጭት ላይ ከታየ ተፎካካሪ ዕቅዱን ከመክፈቻው ቀን በፊት ያነባል። ስለዚህ እስከ መክፈቻው ሰዓት ድረስ ስሙ «ሙከራ» ከሚል ቃልና ከቁጥር ሌላ እንዳይሆን፣ ኃላፊውም የአንዱን ጥያቄ ለሌላው እንዳይናገር በውል ይታሰር።

የአቅም ክፍፍሉን አውስትራሊያ በ2009 ስትጀምር በሕግ ነው የወሰነችው። በዋና ዋና ከተሞቿ ነባር የንግድ ጣቢያዎች በጋራ ኩባንያ ገቡ፤ ለእያንዳንዱ ከማልቲፕሌክሱ ዘጠነኛ እጅ፣ ማለትም 128 ኪሎቢት፣ ተሰጠው። ለማኅበረሰብ ሬዲዮዎች ሁለት ዘጠነኛ ተቀመጠ። ነባሮቹ ላወጡት ወጪ ማካካሻ ለስድስት ዓመት አዲስ የንግድ ተወዳዳሪ እንዳይገባ ተደረገ፤ ኩባንያው ለሌላ አቅም የሚሸጥበትን ደንብ ግን የውድድር ባለሥልጣኑ ማጽደቅ ነበረበት። የዚህ ሥርዓት ጥሩነቱ ትልቁም ትንሹም እኩል መነሻ ማግኘታቸው ነው። ለእናንተም ለእያንዳንዱ 156 አሃድ እኩል ድርሻ መስጠትና የተረፈውን 240 ለማኅበረሰብ ጣቢያና ለውጭ ተከራይ ማቆየት ይበቃል።

ክፍያውን በኪሎቢት ሳይሆን በአሃድ አስሉ። የስህተት መከላከያው ደረጃ ለየቻናሉ ሊለያይ ይችላል። አንዱ አባል ሲግናሉ ደካማ በሆነበት ቦታ እንዲጸናለት ጠንካራውን 2-ኤ ከመረጠ ያው 64 ኪሎቢት ከ48 ወደ 64 አሃድ ያድጋል። በኪሎቢት የሚከፈል ከሆነ ይህ ሰው የሌላውን ቦታ በነፃ ወሰደ።

ድምፁ ላይ ሁለት ስምምነት ያስፈልጋል። አንደኛው የድምፅ መጠን ነው። የአውሮፓ ብሮድካስት ኅብረት አር128 የሚባለው መለኪያ ከዜሮ በታች 23 ኤልዩኤፍኤስ (ጆሮ የሚሰማው የድምፅ ጉልህነት መለኪያ) ይላል፤ ይህን ወይም ሌላ አንድ ቁጥር ምረጡና ሁሉም በዚሁ መለኪያ ከአንድ ነጥብ በማይበልጥ ልዩነት ውስጥ ይቆይ። ስምምነቱ ከሌለ አንዱ ጎላ ብሎ ለመሰማት የድምፁን ከፍታና ዝቅታ አቀራርቦ ይጨምቃል፣ ሌላው ይከተላል። ውጤቱ በዲጂታል ከኤፍኤም ይከፋል፤ በ64 ኪሎቢት የሚሠራ ኢንኮደር (ድምፁን ወደ አነስተኛ ዲጂታል መረጃ የሚቀይር መሣሪያ) እንዲህ ተጨምቆና ጫፉ ተቆርጦ የመጣ ድምፅ ሲሰጠው ቢቱን የሚያባክነው የተቆረጠው ጫፍ የፈጠረውን ዝርክርክ ለመግለጽ ነው። የኤፍኤሙን ፕሮሰሰር (ድምፅ አስተካካይ መሣሪያ) ውፅዓት በቀጥታ ወደ ዲጂታል አታገናኙ፤ ፕሮሰሰሩ ለኤፍኤም ብሎ ቀጭኑን (ከፍተኛ ፍሪኩዌንሲ ያለውን) ድምፅ አጉልቶና ቆርጦ ያወጣል።

ሁለተኛው የርክክብ ነጥብ ነው። ጣቢያው ድምፁን በኤምፒ3 መስመር (የመረጃው መጠን ተጨምቆ) ልኮ ማልቲፕሌክሱ ላይ እንደገና ሲጨመቅ ጸናጽልና የጭብጨባ ድምፅ ውኃ ውስጥ ያለ ይመስላል፤ ጣቢያው የማልቲፕሌክሱን ኩባንያ ይወቅሳል፣ ኩባንያው ጣቢያውን። ስለዚህ ወይ ድምፁ ሳይጨመቅ እስከ ጋራው ክፍል ይድረስ፣ ወይም ኢንኮደሩ ስቱዲዮ ተቀምጦ የተጨመቀው ዥረት በኔትወርክ ይላክ። ሁለተኛው ርካሽ ነው፤ ወጥመዱ ሰዓት ነው። የስቱዲዮው ሰዓት ከማልቲፕሌክሱ በሚሊዮን 20 ብቻ ቢፈጥን በ48,000 ናሙና በሰከንድ ወደ አንድ ናሙና ይተርፋል። በየ100 ደቂቃው 120 ሚሊሰከንድ የሚያህል አንድ ሙሉ የዲኤቢ ፕላስ ጥቅል ስለሚጣል ሙዚቃው «ትክ» ይላል። ችግሩ በየሰዓቱ ስለማይመጣ ማንም አያገኘውም። መፍትሔው ኢንኮደሩን ከጂፒኤስ ወይም ከማልቲፕሌክሱ ሰዓት ጋር ማሰር ነው፤ ውሉ ውስጥ ግዴታ ይሁን።

በቻናል ይዘት መከፋፈልስ? አሜሪካ ውስጥ ኤችዲ ሬዲዮ እያንዳንዱ ጣቢያ በራሱ ሞገድ ግራና ቀኝ ዲጂታሉን ስለሚለቅ ማልቲፕሌክስ መጋራት አያስፈልገውም። ቢሆንም በ2005 መጨረሻ ትልልቆቹ ባለቤቶች ኤችዲ ዲጂታል ሬዲዮ አሊያንስ የሚባል ኅብረት አቁመው በየገበያው ሁለተኛ ቻናሎቻቸው እንዳይደራረቡ ተከፋፈሉ፤ ለመጀመሪያው ጊዜም ማስታወቂያ እንዳይዙ ተስማሙ። ለአድማጭ ምርጫ መብዛቱ እውነተኛ ጥቅም ነው፤ አራት ቻናል ያንኑ ዘፈን ቢደጋግም ማንም አዲስ ሬዲዮ አይገዛም። እኔ ግን ይህን መንገድ አልመክርም። ማስታወቂያ የሌለው ቻናል ገቢ የለውም፤ ገቢ የሌለው አቅራቢ አይቀጥርም፣ ዘፈን ብቻ የሚያዞር ኮምፒዩተር ሆኖ ይቀራል። ተፎካካሪዎች ተቀምጠው «አንተ ስፖርቱን፣ እኔ መንፈሳዊውን» ሲባባሉም በብዙ አገር ሕግ ገበያ መከፋፈል ሊባል ይችላል። የይዘት ልዩነቱን ፈቃድ ሰጪው ባለሥልጣን ይጠብቀው፦ እያንዳንዱ ጣቢያ ዕቅዱን ለባለሥልጣኑ ብቻ ያስገባ፣ ባለሥልጣኑ መደራረብ ካየ ለየብቻው ይንገር።

በዚያው ምክንያት የጋራው ኩባንያ ስብሰባ አጀንዳ ቀድሞ ይጻፍ፣ ቃለ ጉባኤ ይያዝ። የማስታወቂያ ዋጋ፣ የደንበኞች ስም፣ የአቅራቢ ደመወዝ፣ የእግር ኳስ መብት ጨረታ በዚያ ጠረጴዛ ላይ አይነሱ። የኪራይ ዋጋውም ታትሞ ለውጭ ተከራይም ለአባልም አንድ ዓይነት ይሁን፤ ይህ ከሕግም ከሐሜትም ያድናችኋል።

የመጨረሻው አንቀጽ መውጫው ነው፤ ሰው ሲጀምር ሊያወራው የማይወደው። አንዱ ቢወጣ ከ624ቱ 156 አሃድ ይለቃል፣ የቀሩት ሦስቱ ድርሻቸው በሲሶ ይጨምራል። ከአንድ ዓመት ያላነሰ ቅድመ ማስታወቂያ፣ ተተኪ ተከራይ እስኪገኝ የተወሰነ ክፍያ፣ እንዲሁም የተለቀቀውን አሃድ ሌሎቹ በቀድሞው ዋጋ የመውሰድ ቅድሚያ እንዲኖራቸው ጻፉ። የአሃድ ለውጡን ማልቲፕሌክሱ በአንድ ሌሊት፣ በተወሰነ ደቂቃ ያድርገው፤ ለውጡ አስቀድሞ በሲግናሉ ውስጥ ካልተነገረ አንዳንድ መቀበያዎች ጸጥ ይላሉ፣ አድማጩም ጣቢያዎቹን እንደገና ካልፈለገ አይመለሱም። ከለውጡ በፊት ባሉት ሁለት ሳምንታት የአራቱም ጣቢያ አቅራቢዎች እንደገና ስለ መፈለግ በአየር ላይ ይናገሩ፤ የወጣውም ጣቢያ ይህን እስከ መጨረሻው ቀን እንዲያደርግ ውሉ ያስገድደው።